የሞርሞኖች ፈገግታና የምርጫ ሳጥን



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጎረቤቶቻችን ነው። በሰሜን ምዕራብ ካልጋሪ፣ ሮያል ኦክ አካባቢ፣ ጫፉ ላይ መለከት የሚነፋ ወርቃማ መልአክ የቆመበትን ሕንጻ ብዙዎቻችሁ ከመኪና ሆናችሁ አይታችሁታል። የሞርሞኖች ቤተ መቅደስ ነው። እነሱ ራሳቸውን የሚጠሩት «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» ብለው ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ ሞርሞን እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ቅር የሚላቸው ካሉ ይቅርታ። ዓመተ ምሕረቱን ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ቤተ መቅደሱ የተመረቀው ኦክቶበር 28 ቀን 2012 ነው። ባርከው የከፈቱት ከዋና መቀመጫቸው ከሶልት ሌክ ሲቲ የመጡት የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ቶማስ ሞንሰን ነበሩ። ከምረቃው በፊት ለሳምንታት በሩ ለማንም ክፍት ነበር። በእነሱ ልማድ ጎብኚ ሲመጣ ጫማው ላይ የሚጠለቅ ስስ ፕላስቲክ ይሰጠዋል፣ አስጎብኚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምንጣፉን፣ መስተዋቱን፣ የሰርጉን ክፍል ያሳየዋል፣ ጥያቄ ካለውም በትሕትና ይመልስለታል። ከምረቃው በኋላ ግን በሩ ለአባላት ብቻ ይሆናል፤ ያውም ከአለቆቻቸው የፈቃድ ወረቀት ለያዙ አባላት ብቻ። ልጁ እዚያ ውስጥ ሲዳር አባት አባል ካልሆነ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን የምናገረው ለመንቀፍ አይደለም። ቅኔ ማኅሌቱን፣ ቅድስቱንና መቅደሱን ለይተን የምናውቅ ሰዎች ስለ ተከለለ ቦታ ሌላውን ለመውቀስ አፍ የለንም። ከዚህ ልማድ እንድትይዙልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ይህች ቤተ ክርስቲያን ምን ያህል እንደምትታይና መቼ እንደምትታይ አስልታ የምትወስን ተቋም ናት።

ከዚያ ምረቃ በኋላ በዘጠነኛው ቀን፣ ኖቬምበር 6፣ አሜሪካ ፕሬዚዳንት መረጠች። ከሁለቱ ዋና ተወዳዳሪዎች አንዱ ሚት ሮምኒ ነበር፤ በትልቅ ፓርቲ ተወክሎ ለፕሬዚዳንትነት የቀረበ የመጀመሪያው ሞርሞን። ሁለቱን ቀኖች ማንም አስቦ አላገጣጠማቸውም። ሰውየውም ተሸነፈ። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን፣ በአውቶቡስና በመንገድ ዳር ሰሌዳ ላይ የሞርሞን ፊት ሞልቶ ነበር።

ይህ የማስታወቂያ ዘመቻ የተጀመረው በ2010 በዘጠኝ የአሜሪካ ከተሞች ነው። ከዚያ በፊት ቤተ ክርስቲያኒቱ ኦጊልቪ ኤንድ ሜዘርን የመሰሉ ትልልቅ የማስታወቂያ ሥራ ድርጅቶችን ቀጥራ ሕዝቡ ስለ ሞርሞን ምን እንደሚያስብ አስጠናች። መልሱ ደስ የሚል አልነበረም። ምስጢረኞች፣ ሴትን ዝቅ የሚያደርጉ፣ ሰውን የሚቆጣጠሩ፣ ግብረ ሰዶማውያንን የሚጠሉ የሚል ነበር። እንግዲህ ምን ይደረግ? መልካም ምግባራችንን እንዘርዝር አላሉም። ስለ እምነታችን እናስተምርም አላሉም። ሰው እናሳይ አሉ።

ከማስታወቂያዎቹ አንዱን ልሣልላችሁ። በማዕበል ላይ የምትንሸራተት ወጣት፣ ወይም የሞተር ብስክሌት ሐውልት የሚሠራ ጢማም ሰው፣ ወይም የሮክ ዘፋኙ ብራንደን ፍላወርስ ይመጣል። ስለ ሥራው፣ ስለ ልጆቹ ያወራል። ስለ ሃይማኖት ከሞላ ጎደል ምንም አይተነፍስም። በመጨረሻው ሰከንድ ላይ ብቻ ስሙን ይናገርና ሞርሞን መሆኑን ይጨምራል። አለቀ። ኑ አይልም፣ ተጠመቁ አይልም። ሁለቱ ነጭ ሸሚዝ ለባሽ ወጣት ሚሲዮናውያን በርህን ሲያንኳኩ ግን ፊታቸው አዲስ አይሆንብህም፤ ያችን በማዕበል ላይ የምትንሸራተት ልጅ ታስታውሳለህ። በ2011 ዘመቻው ኒው ዮርክ ገብቶ ታይምስ ስኩዌር ላይ ተሰቀለ። በዚያው ዓመት በማርች ወር በቅዱስ መጽሐፋቸው ስም የተጠራ፣ በእነሱ ላይ የሚያሾፍ ሙዚቃዊ ቲያትር ብሮድዌይ ላይ ተከፍቶ ከተማውን በሳቅ አናወጠው። ሌላ ተቋም ቢሆን ክስ ይመሠርት ነበር፣ ሰልፍም ይጠራ ነበር። እነሱ በቲያትሩ የፕሮግራም ወረቀት ላይ ማስታወቂያ ገዝተው፣ ቲያትሩን ካየህ አሁን ደግሞ መጽሐፉን አንብብ የሚል መልእክት አስገቡ። በዚህ ባርኔጣዬን አነሳላቸዋለሁ። እኛ ብንሆን መግለጫ በመግለጫ እንሆን ነበር።

እዚህ ላይ የዛሬውን ሐሳቤን ልናገር። አገራችን ውስጥ «ገጽታ ግንባታ» የሚባለውን ነገር ከመንግሥት ስብሰባ ጀምሮ ሰምተን ጠግበነዋል። የሃይማኖት ገጽታ ግንባታ ግን ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። እገሌን ምረጡ አይልም፤ ስለዚህ ፖለቲካ አይመስልም። ሥራው ሌላ ነው፤ አንዳንድ ጥያቄዎችን መጠየቅ ነውር እንዲመስል ያደርጋል። ያችን ፈገግተኛ እናት ካየህ በኋላ «የቤተ ክርስቲያንሽ አመራር ስለ ምርጫ ምን ደብዳቤ ጻፈ? ገንዘቡስ ወዴት ይሄዳል?» ብትላት ራስህን ባለጌ ሆነህ ታገኘዋለህ። ማስታወቂያው የሚያሳየው ግለሰብ ነው፤ የሚወስነው ግን ተቋም ነው። ፖለቲካው የሚያድረው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ኋላ ልመለስ። የሃይማኖቱ መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ ራሱ በ1844 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ዕጩ ነበር። ወንጌል ይሰብኩ የነበሩ ሚሲዮናውያኑን የምርጫ ቅስቀሳ እንዲያደርጉ አሰማራቸው። በዚያው ዓመት በጁን ወር ኢሊኖይ ውስጥ ካርቴጅ በሚባል ከተማ እስር ቤት ሳለ የታጠቀ መንጋ ገብቶ ገደለው። ተከታዮቹ ወደ ዩታ በረሃ ሸሹ። እዚያም ብዙ ሚስት ማግባትን በይፋ አወጁ፣ ዋሽንግተንም በሕግ ላይ ሕግ እየደረበች አሳደደቻቸው።

ከተሳዳጆቹ አንዱ ቻርልስ ኦራ ካርድ ነበር። ከስሚዝ ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኒቱን የመራውን የብሪገም ያንግን ልጅ ዚናን ይዞ በ1887 ከዚህ ከተማ በስተ ደቡብ ሰፈረ፤ ዛሬ ካርድስተን የምንላት ከተማ የተሰየመችው በእሱ ስም ነው። በዓመቱ፣ በ1888፣ ካርድና ሁለት ጓደኞቹ ኦታዋ ድረስ ሄደው ቀድመው ያገቧቸውን ሚስቶች ወደ ካናዳ ለማምጣት እንዲፈቀድላቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆን ማክዶናልድን ለመኑ። አይሆንም ተባሉ። በ1890 ፓርላማው ሞርሞኖችን በስም ጠቅሶ ከአንድ በላይ ማግባትን የሚከለክል ሕግ አወጣ። በዚያው ዓመት የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪ ዊልፈርድ ውድረፍ ያ ዓይነት ጋብቻ እንዲቆም በይፋ መግለጫ አወጡ። ስድስት ዓመት ቆይቶ ዩታ ክፍለ ግዛት ሆነች። እንግዲህ ያን ጊዜም የገጽታ ለውጥና የፖለቲካ ፈቃድ አብረው ነበር የሚሄዱት።

አልበርታ ውስጥ ስማቸውን ያደሰላቸው ማስታወቂያ አልነበረም፤ ውሃ ነበር። ዩታ ላይ መስኖ ተምረው የመጡ ገበሬዎች ስለነበሩ፣ በደቡብ አልበርታ ያሉት ባለሀብቶች ቦይ እንዲቆፍሩላቸው ተዋዋሏቸው። ሬይመንድ ላይ የስኳር ፋብሪካ ቆመ። በ1923 ካርድስተን ላይ የካናዳ የመጀመሪያው የሞርሞን ቤተ መቅደስ ተመረቀ። በአንድ ትውልድ ውስጥ ሚስት አብዢ የተባለው ስደተኛ መስኖ አዋቂ ገበሬ ተብሎ ተከበረ። እኛ ለልጆቻችን የምንመኘው ይህንን አይደል?

ሃይማኖትና ምርጫ እዚህ እንዴት እንደተገናኙ ለማየት አሁን ወደ ካልጋሪ መሐል ከተማ ልውሰዳችሁ። ስምንተኛ አቬኑ ላይ በ1920ዎቹ ዊልያም አበርሃርት የሚባል ባፕቲስት የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የመጽሐፍ ቅዱስ ተቋም አሠራ፤ ከ1925 ጀምሮ ደግሞ በሲ ኤፍ ሲ ኤን ሬዲዮ እሑድ እሑድ ይሰብክ ነበር። አድማጩ በሜዳው ሁሉ ተበትኖ ያለ ገበሬ ነው። የኢኮኖሚ ድቀቱ ሲጠና፣ ከ1932 ወዲህ፣ ሰውየው በዚያው ማይክሮፎን ከራእየ ዮሐንስ ጋር ሶሻል ክሬዲት የሚባል የኢኮኖሚ ትምህርት ጨመረበት፤ ለእያንዳንዱ አዋቂ ሰው በወር 25 ዶላር ይሰጣል አለ። በ1935 ከ63 የምክር ቤት ወንበር 56ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ሃያ አምስቱ ዶላር አልመጣም። ፓርቲው ግን እስከ 1971 ድረስ ይህን ክፍለ ሀገር ገዛ፣ የአበርሃርት ተተኪ ኧርነስት ማኒንግም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ እየገዛ በሬዲዮ መስበኩን አልተወም።

ከአበርሃርት ጋር ከተመረጡት መካከል ኤልደን ታነር የሚባል ካርድስተን አካባቢ ያደገ ሞርሞን የትምህርት ቤት መምህር ነበር። አፈ ጉባኤ ሆነ፣ ከ1937 እስከ 1952 የመሬትና የማዕድን ሚኒስትር ሆኖ የአልበርታን ነዳጅ ሥርዓት አስያዘ፣ ቀጥሎ የትራንስ ካናዳ ጋዝ ቧንቧ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆኖ ካልጋሪ ኖረ። ከዚያ ሶልት ሌክ ጠራችው። ከ1963 እስከ ሞተበት 1982 ድረስ ለአራት የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንቶች አማካሪ ነበር፤ ገንዘቡንም ያደራጀው እሱ ነው ይባላል። ስለዚህ ካልጋሪ ለዚህ ታሪክ ዳር አገር አይደለችም። ከዚህ የፖለቲካና የነዳጅ ጓዳ የወጣ ሰው ነው የዚያችን ቤተ ክርስቲያን የዘመናዊ አስተዳደር መሠረት ከጣሉት አንዱ።

ታነር በከፍተኛው አመራር ውስጥ ሳለ፣ በ1972፣ የመጀመሪያው ትልቁ የቴሌቪዥን ዘመቻ ተጀመረ። ሆምፍሮንት ይሉታል። የ30 እና የ60 ሰከንድ ታሪኮች ናቸው። ልጁ አባቱን ኳስ እንጫወት ይለዋል፣ አባትዬው ሥራ በዝቶበታል፣ ኋላ ይጸጸታል። ሃይማኖት የለበትም፤ ቤተሰብ ብቻ ነው። የሕዝብ አገልግሎት ተብሎ ስለተመዘገበ ጣቢያዎቹ በነጻ ነበር የሚያሳዩት። ሽልማት በሽልማት ሆነ።

ግን በዚያው ጊዜ ምን ይሠራ ነበር? እስከ ጁን 1978 ድረስ ጥቁር ወንድ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ክህነት መቀበል አይችልም ነበር። ክህነቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ጥቁር ባልና ሚስት ቤተ መቅደስ ገብተው ለዘላለም ባልና ሚስት የሚባሉበትን ሥርዓት መፈጸም፣ ከልጆቻቸውም ጋር ለዘላለም መተሳሰር አይፈቀድላቸውም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ያ ዘመቻ በየሳሎኑ ስለ ቤተሰብ ፍቅር ሲዘምር፣ እንደ እናንተና እንደ እኔ ላለ ቤተሰብ በሩ ዝግ ነበር። በ1976 ደግሞ አመራሩ የሴቶችን እኩልነት በሕገ መንግሥት ለማስፈር የቀረበውን ማሻሻያ በይፋ ተቃወመ፤ ማሻሻያውን ደግፋ የተሟገተችው ሶንያ ጆንሰን በ1979 ተወገዘች። ቴሌቪዥኑ ላይ ግን አባትና ልጅ ኳስ ይጫወታሉ።

አሁን ደግሞ ሚዛኑን የሚያነሳውን ነገር ልናገር፤ ካልተናገርኩት ሐሰተኛ እሆናለሁ። ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 27 ቀን 1985፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ሞርሞኖች ሁሉ በአንድ ቀን ጾሙ። የጾሙት ለእኛ ነው፤ ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲያልቅ። የእነሱ ጾም ሁለት ማዕድ ዘልሎ የማዕዱን ዋጋ ለድሃ መስጠት ነው። ከዚያ አንድ እሑድ ብቻ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። የራሳቸውን ባንዲራ ይዘው አልሄዱም፤ በአብዛኛው በካቶሊክ የእርዳታ ድርጅትና በቀይ መስቀል በኩል ነበር የላኩት። በማርች ወር ከመሪዎቻቸው አንዱ ራስል ባላርድ አዲስ አበባና መጠለያዎቹ ድረስ መጥቶ አየ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ደግመው ጾሙ። ካርድስተን ውስጥ አንዲት የገበሬ ሚስት ምሳ ሳትሠራ የዋለችበት ገንዘብ ኮረም ላይ ዱቄት ሆኖ ሊሆን ይችላል። ይህ ማስታወቂያ አይደለም። ኋላ ግን የቤተ ክርስቲያኒቱ የእርዳታ ክንፍ ያደገው ከዚህ ነው፣ ዛሬም በገጽታዋ ላይ ትልቁን ቦታ የያዘው እርዳታው ነው። ክህነት የተከለከልነው እስከ 1978፣ የተጾመልን በ1985። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

ወደ ምርጫ ሳጥኑ ልምጣ። በጁን 2008 የሶልት ሌክ አመራር ለካሊፎርኒያ ጉባኤዎች ሁሉ ደብዳቤ ላከ። ጋብቻ የወንድና የሴት ብቻ እንዲሆን የሚደነግገው ስምንተኛው የሕዝበ ውሳኔ ሐሳብ እንዲያልፍ አባላት ጊዜያቸውንም ገንዘባቸውንም ይስጡ አለ። ደብዳቤው ከመድረክ ተነበበ። አባላት ቤት ለቤት ዞሩ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር አወጡ፤ ውሳኔው በ52 በመቶ አለፈ። ስለ ጉዳዩ ያላችሁን አቋም እዚህ አልጠይቃችሁም፤ አዳራሹ ውስጥ ያለው አብዛኛው ሰው ደብዳቤውን ይደግፈው እንደነበር እገምታለሁ። የእኔ ነገር ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ተቋሙ በደብዳቤ ያዝዛል፣ አባላቱ ያዋጣሉ፣ ሕዝቡ ይቆጣል፣ በቤተ መቅደሶቻቸው በር ሰልፍ ይደረጋል። በሁለተኛው ዓመት ማዕበል ላይ የምትንሸራተተው ልጅ በቴሌቪዥን ትመጣለች። የደብዳቤው ዕዳ በእሷ ፊት ይከፈላል። ደብዳቤውን የጻፉት ሽማግሌዎች በማስታወቂያው ውስጥ የሉም።

እውነቱን ለመናገር ኋላ ላይ ራሳቸውም ቀየሩ። በ2015 ዩታ ላይ ለግብረ ሰዶማውያን የሥራና የቤት ኪራይ መብት የሚሰጥና የሃይማኖት ነጻነትንም የሚጠብቅ ሕግ ሲወጣ ደገፉ። በ2022 ዋሽንግተን ላይ የወጣውን፣ ለተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ዕውቅና የሚሰጠውን ሕግም ደገፉ። ማስታወቂያ የተቋሙን ፊት ሲያሳምር ቆይቶ አንዳንዴ ተቋሙን ራሱን ወደ ፊቱ ይጎትተዋል። ይህን የማይቀበሉ ተቺዎች አሉ፤ እኔ እቀበላለሁ።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልበል። በፌብሯሪ 2023 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ቤተ ክርስቲያኒቱንና ኢንሳይን ፒክ የሚባለውን የገንዘብ ድርጅቷን በድምሩ 5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ። ጥፋቱ ስርቆት አልነበረም፤ በ2018 ወደ 32 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ የነበረውን አክሲዮን 13 ስመ ባዶ ኩባንያዎች አቋቁሞ በእነሱ ስም ማስመዝገብ ነበር። ለምን? ሀብቱ ቢታወቅ ሕዝቡ ምን ይለናል ከሚል ሥጋት ነው ሲል ተቆጣጣሪው ገለጸ። በ2022 ደግሞ ሲ ቢ ሲ፣ ፊፍዝ ኢስቴት በተባለው ፕሮግራሙ፣ ካናዳውያን አባላት ከሰጡት አሥራት በ15 ዓመት ውስጥ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዩታ ወዳለው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ እንደሄደ ዘገበ። የካናዳ ሕግ ይህን ይፈቅዳል። ነገር ግን ለዚያ አሥራት የታክስ ደረሰኝ ተቆርጧል፤ በደረሰኙ በኩል እኛም፣ የማንጾመውም የማናምነውም፣ አዋጥተናል ማለት ነው።

አሁን በመግቢያዬ ወደ ጠቀስኩት ስም ልመለስ። በ2018 የቤተ ክርስቲያኒቱ ፕሬዚዳንት ራስል ኔልሰን «ሞርሞን» የሚለው ቅጽል ከእንግዲህ አይነገር፣ መጠቀሙ ለሰይጣን ድል ነው አሉ። ያ በሚሊዮኖች የተገዛ ዘመቻ፣ ያ በሺህ ሰው አፍ የተባለ ስም፣ በአንድ ሰው ቃል ተሻረ። የቤተ ክርስቲያኒቱ መዘምራን ቡድን ስም ሳይቀር ተለወጠ። ስለ ተቋሙ ከሁሉም ማስታወቂያ በላይ የነገረን ይኸው አይደለም? ሺዎቹ በየፊታቸው የተናገሩትን አንዱ ይሽረዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። የሃይማኖት ማይክሮፎንና የፖለቲካ ማይክሮፎን አንድ ሲሆኑ ምን እንደሚመስል ከእኛ ይልቅ ማን ያውቃል? ብስራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ዜናውና ትምህርቱ የተከበረ ነበር፤ ደርግ በማርች 1977 ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። አስተላላፊው መሣሪያ ያው ነው፤ ድምፁ ሌላ ሆነ። በስደትም ቤተ ክርስቲያኖቻችን የአገር ቤት ሲኖዶስ፣ ስደተኛ ሲኖዶስ፣ ገለልተኛ እየተባባሉ እስከ 2018 እርቅ ድረስ ተከፋፍለው ነበር። የመለያው ምክንያት ቀኖና ነው ይባል እንጂ በቡናው ሰዓት የሚወራው ስለ መንግሥት እንደነበር የዚህ አዳራሽ ታላላቆች ታስታውሳላችሁ።

እዚህ ካልጋሪ ደግሞ በየዓመቱ ስታምፒድ በሚባለው የከተማው በዓል ሰሞን በየሰፈሩ ነጻ ቁርስ አለ። ፖለቲከኞች የካውቦይ ባርኔጣ ደፍተው ፓንኬክ ይገለብጣሉ፣ አንዳንዱም በየቤተ እምነቱ ግቢ ይዞራል። በመስከረም ደግሞ የእኛ ተራ ነው። እንቁጣጣሽ ላይ ተወዳዳሪው ነጠላ ለብሶ ይመጣል፣ ዳቦ ቆርሶ ፎቶ ይነሳል፣ አንድ ቃል በአማርኛ ይሞክርና እልልታ ይቀበላል። የካናዳ ሕግ በበጎ አድራጎት የተመዘገበ ቤተ ክርስቲያን አንድን ፓርቲ ወይም ዕጩ እንዳይደግፍ ይከለክላል፤ ከ2018 ማሻሻያ ወዲህ ስለ ሕግና ፖሊሲ ሐሳብ መስጠት ግን ይፈቅዳል። ነጠላ ለብሶ ፎቶ መነሳት የትኛው ነው? ድጋፍም አይደለም፣ ፖሊሲም አይደለም። ሞርሞኖች ለ50 ዓመት ባለሙያ ቀጥረው የሠሩበት ያ የደግ ፊት ሥራ ነው። ልዩነቱ እነሱ ማስታወቂያውን ገዝተውታል፤ እኛ በነጻ እንሰጣለን፣ ዳቦውን ጨምረን።

ተወዳዳሪው ሲመጣ ስለ ልጆቻችን ትምህርት፣ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ዲፕሎማ እዚህ ስለማይታወቅበት ምክንያት፣ ስለ ቤተሰብ ማስመጣት ወረፋ እንጠይቀው። የራሳችንን ኮሚቴም አብረን እንጠይቅ፦ እንግዳውን ማን ጋበዘው? በማን ፈቃድ? ሌላው ፓርቲስ ተጋብዞ ነበር ወይ? ባለፈው ዓመት የተሰበሰበው ገንዘብ ሒሳቡ የት አለ? ይህን ስጠይቅ ቀድሞም «ቤተ እግዚአብሔር ውስጥ ፖለቲካ አታምጣ» ያሉኝ ሰዎች አሉ፤ ምናልባት ዛሬም እዚህ ተቀምጠዋል። ማይክሮፎኑ ከመተላለፊያው በስተቀኝ ነው፤ እነሱ ይጀምሩ።